ስኳርና መርሳት፦ ከደምቢያ ሜዳ እስከ ደባርቅ

ጥር 3 ቀን 1914 ዓ.ም. ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ፣ የስኳር በሽታ የያዘው የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተወጋ። ያ የመጀመሪያ መርፌ ብዙም አልሠራም። መድኃኒቱ የበለጠ ተጣርቶ ከ12 ቀን በኋላ ሲደገም ግን አጥንቱ ብቻ ቀርቶ የነበረው ልጅ ነፍስ ዘራ፤ ከዚያም 13 ዓመት ኖረ። እስከዚያ ድረስ የዚህ ዓይነቱ ስኳር የያዘው ልጅ ዕጣው ብዙ ሳይቆይ መሞት ነበርና ዜናው ዓለምን አዳረሰ።

በዚያው ዓመት ብዙ ያልተወራለት ሌላ ሥራ በቦስተን ታተመ። ዋልተር ማይልስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ሃዋርድ ሩት የተባለ ሐኪም የስኳር ሕሙማንን በማስታወስና ልብ ብሎ በመከታተል ችሎታ ፈትነው፣ ከጤነኞች ዝቅ ብለው አገኟቸው። ስኳር ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን እንደሚጎዳ ሁሉ አእምሮንም ይነካል የሚለው ጥርጣሬ በወረቀት ላይ የሰፈረው ኢንሱሊን ለሰው በተሰጠበት ዓመት ነው ማለት ነው። ነገር ግን ያ ጽሑፍ ለብዙ አሥርት ዓመታት መደርደሪያ ላይ ቀረ። ልጁን ከሞት አፋፍ ለመመለስ የሚሯሯጥ ሐኪም ስለ ማስታወስ ችሎታው ለመጠየቅ ጊዜ አይኖረውም። መጀመሪያ ሰው መትረፍ ነበረበት።

ጎንደር ላይ መትረፍ ገና ሩቅ ነበር። በዚያ ዘመን በወገራ ወይም በስሜን ደጋ የሚኖር ወጣት ውኃ አልጠግብ ብሎ፣ ሌሊቱን በሽንት ሲመላለስ አድሮ፣ ሥጋው ካለቀ ቤተሰቡ የሚያውቀው መድኃኒት ጠበል ነበር። ይዘውት ይሄዳሉ፤ እዚያው ያርፋል። ዕድሜው ገፍቶ ቀስ ብሎ ስኳር የያዘው ሰው ደግሞ በሽታው ሳይታወቅ በሌላ ነገር ይሞታል። ወባው፣ ተስቦው፣ ሳንባ ነቀርሳው፣ ረሀቡ ሁሉም ከስኳር ይቀድሙ ነበር።

የቀደሙት በሽታዎች ናቸው ለጎንደር ዘመናዊ ሕክምና መነሻ የሆኑት። እ.ኤ.አ. በ1953 በጣና ዙሪያ፣ በተለይም በደምቢያ ሜዳ፣ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1947 ዓ.ም. መግቢያ፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የልማት ትብብር ጋር ያቋቋመው ይህ ትምህርት ቤት የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ሠራተኞችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ተማሪዎቹ ወደ ቆላ ድባ ወርደው ውኃ ያጠራሉ፣ ሕፃናትን ይከትባሉ፣ ያዋልዳሉ። ለዚያ ዘመን ትክክለኛ ሥራ ነበር። ነገሩ ሁሉ የታሰበው ግን መጥቶ ለሚሄድ በሽታ ነው፤ ይታከሙታል፣ ይድናል፣ ወይም ይገድላል። ከሰው ጋር 30 ዓመት የሚኖር፣ በየወሩ ቀጠሮ የሚፈልግ በሽታ በዚያ ዕቅድ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

በ1971 ዓ.ም. ገደማ በምሥራቅ ጀርመን ከሚገኘው የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ስምምነት ጎንደር የሕክምና ፋኩልቲ አገኘች። ጀርመናውያን መምህራን መጡ፤ የውስጥ ደዌ ክፍሉ ጠነከረ፤ ስኳር ያለባቸው ሰዎችም በስም ተመዝግበው የሚመላለሱበት ክትትል እየተለመደ ሄደ። አዲስ አበባ ላይ ዶክተር ፍራንሲስ ሌስተር የኢትዮጵያውያን የስኳር ሕሙማንን ሁኔታ በዓመታት ትዕግሥት እየመዘገቡ ሲያሳትሙ፣ በ1976 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ የስኳር ሕሙማን ማኅበርም ተመሠረተ። በሽታው ስምና መዝገብ አገኘ። የዘመኑ መዝገብ የሚጠይቃቸው ነገሮች ግን ውስን ነበሩ፦ ክብደት፣ የሽንት ስኳር፣ ግፊት፣ የእግር ቁስል፣ ዓይን። አንድ ሰው ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ግማሹን በእግሩ፣ ጎንደር ደርሶ ኢንሱሊኑን ተቀብሎ ከተመለሰ ያ ራሱ ድል ነበር።

የጎንደር ደገኞች ስለ ስኳር በዓለም የምርምር መጽሔት ላይ በብዛት መነሣት የጀመሩት ከአገራቸው ወጥተው ነው። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ፣ ኋላም በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ባጓጓዘው የሰሎሞን ዘመቻ የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ። ከአምቦበር፣ ከወለቃ፣ ከወገራና ከስሜን መንደሮች የወጡ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎችና ገበሬዎች ነበሩ። የሱዳኑን መንገድ በእግር ሲያቋርጡ ብዙ ሺህ ሰዎች በረሃ ላይና በመጠለያ ካምፕ አልቀዋል። የተረፉት እስራኤል ሲደርሱ በአብዛኛው ቀጭኖች ነበሩ፤ ግፊትም ሆነ ስኳር እምብዛም አይታይባቸውም ተብሎ ይታመን ነበር።

ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1988 አንድ የእስራኤል የምርመራ ቡድን ከ30 ዓመት በታች የሆኑ ወጣት ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን መርምሮ 8.9 በመቶ በሚሆኑት ላይ ስኳር አገኘ። ለዚያ ዕድሜ የሚያስደነግጥ ቁጥር ነው። ጤፍና ገብስ፣ ሽሮና ጎመን፣ ዳገት መውጣትና መውረድ በአንድ ጊዜ በነጭ ዳቦ፣ በለስላሳ መጠጥና በአፓርታማ ኑሮ ተተካ። ሰውነቱ ግን ለረጅም ዘመን በጥቂቱ መኖር የለመደ ነበር። ኋላ ላይ በኤንዶክሪኖሎጂ ሐኪሟ አናት ያፌ የተመራ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳረጋገጠው ኢትዮጵያውያኑ ስኳር የሚይዛቸው ከሌላው የአገሪቱ ነዋሪ በቀጠነ ሰውነት ነው። ያፌ በምትሠራበት በሐዴራ ከተማ የአማርኛና የዕብራይስጥ ቃላትን አጣምሮ «ጤና ብሪዑት» የተባለ ድርጅትም ተቋቋመ፤ በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሳቸው ምግብ እየመሰለ ስለ ስኳር የሚያስተምር።

እነዚያ ወጣቶች ዛሬ ሸምግለዋል፤ ታሪካቸው ከመርሳት ጋር የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው። በ30 ዓመቱ ስኳር የያዘው ሰው በ65 ዓመቱ 35 ዓመት ስኳርን ተሸክሟል ማለት ነው። አእምሮን ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ደግሞ ይህ የዘመን ርዝመት ነው። ላዩ ላይ የቋንቋ ሸክም አለ፤ ዕብራይስጥን በጉልምስና የተማረች እናት ከዕድሜ ጋር ወደ አማርኛዋ ስትመለስ፣ ሐኪሙ የቋንቋዋን መመለስ ከአእምሮዋ መድከም ለይቶ ማየት ይቸግረዋል። ልጆቿ ዕብራይስጥ፣ እሷ አማርኛ፤ የምትረሳው ምን እንደሆነ ለመስማት እንኳ መካከል ላይ አስተርጓሚ ያስፈልጋል።

ወደ ደጋው ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጎንደር ላይ፣ በእኔ ግምት ከኮሌጁ መመሥረት ቀጥሎ የሚጠቀስ አንድ ትልቅ ነገር ሆነ። የውስጥ ደዌ ሐኪሟ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ እና የሥራ ባልደረቦቻቸው የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የልብ ሕሙማን ጎንደር ድረስ መጥተው እንዳያልቁ ክትትሉን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ማውረድ ጀመሩ። የእንግሊዙ ሰር ኤልድሪድ ፓሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቋቋሙት የትሮፒካል ጤናና ትምህርት ድርጅት ሥራውን አገዘ። ዶክተር ሊደርስበት የማይችለውን ቦታ ነርስ ይሸፍነዋል፤ ነርሱ ይሠለጥናል፣ ሐኪም በየጊዜው ወርዶ ይጎበኛል፣ ኢንሱሊኑ ከሕመምተኛው ደጅ አጠገብ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሽታዬ ዓለሙና ፒተር ዋትኪንስ ይህን ልምድ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ጻፉት። ቀላል የሚመስል ሥራ ነው፤ የስንቱን ገበሬ ሕይወት እንዳቆየ የሚያውቁት ግን በሬውን ሸጦ ለትራንስፖርት ያወጣ የነበረው ሰው ቤተሰቦች ናቸው።

ይህ ዓይነቱ ሕክምና ከሕመምተኛው የሚጠይቀውን ነገር እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሰውየው ኢንሱሊኑን በብልቃጥ ይወስዳል። ፍሪጅ ስለሌለው ውኃ በያዘ ሸክላ አጠገብ፣ ወይም በቀዝቃዛ ጥግ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ያኖረዋል። ጠዋት ስንት ዩኒት፣ ማታ ስንት ዩኒት እንደሆነ ይይዛል። በስሪንጁ ላይ ያለችውን ቀጭን መስመር ለይቶ ይስባል። ወግቶ ምግብ ሳይበላ እንዳይቆይ ይጠነቀቃል። ላብ ላብ ሲለው፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ ስኳሩ እንደወረደ ተረድቶ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ይቀምሳል። ቀጠሮውን ያስታውሳል፤ ብልቃጡ ከማለቁ በፊት ይነሣል። ኪኒን ብቻ የሚወስደውም ቢሆን ሜትፎርሚኑን ጠዋት ማታ፣ የግፊቱን ለብቻ መያዝ አለበት። ሐኪሙ ሕመምተኛውን የሚያየው በወር ወይም በሁለት ወር አንዴ ነው፤ በቀሩት ቀናት ሁሉ ሐኪሙ የራሱ የሕመምተኛው ጭንቅላት ነው። ያ ጭንቅላት መርሳት ሲጀምር መርፌው ሁለቴ ይወጋል ወይም ይዘለላል፤ ሁለቴ ሲወጋ ስኳሩ ወርዶ ጭንቅላቱን የበለጠ ይጎዳዋል። ስለ ስኳርና ስለ መርሳት ለማሰብ ከዚህ አዙሪት የሚብስ ምክንያት አላውቅም።

በዚያው ዘመን ሌላው ዓለም የቦስተኑን እ.ኤ.አ. የ1922 ጥርጣሬ በትልቅ ቁጥር መመርመር ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ከሆላንድ የሮተርዳም ጥናት የወጣው ውጤት ከ6,300 በላይ አረጋውያንን ተከታትሎ፣ ስኳር ያለበት ሰው የመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድሉ በእጥፍ ሊደርስ ጥቂት የሚቀረው መሆኑን አሳየ። ኢንሱሊን የሚወስዱት ላይ ደግሞ ከፍ ይል ነበር። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። አእምሮ ከሰውነት ክብደት ሁለት በመቶ ገደማ ቢሆንም ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ይወስዳል፤ ይህን የሚያደርሱለት ጥቃቅን የደም ሥሮች ዓይንና ኩላሊት ላይ የሚበላሹት ዓይነት ናቸው። ስኳርና ግፊት አንድ ላይ ሲሆኑ ሥሮቹ ይጠባሉ፣ ይደድራሉ፤ ሰው ሳያውቀው ትንንሽ ስትሮኮች ይከሰታሉ። ኢንሱሊን በአእምሮ ውስጥም ሥራ አለው፤ ሰውነት ለኢንሱሊን ሲደነዝዝ አእምሮም ሊደነዝዝ ይችላል። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከስም መርሳት አይደለም። አስተሳሰብ ይዘገያል፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መያዝ ያቅታል፤ ቅደም ተከተል ይዛባል።

ይህ የመጨረሻው በጎንደር ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ለማሰብ አይከብድም። 40 ዓመት ጠላ የጠመቀች እናት ጥንስሱን ጥላ እንኩሮውን ትረሳለች፤ ወይም እንኩሮውን አብስላ ጌሾው መግባት አለመግባቱን ታመነታለች። ልጆቿ ስም ስትጠራ፣ ሰው ስትለይ ስለሚያዩ ደህና ናት ይላሉ። ጠላው ሲበላሽ «እማማ ደከሙ» ተብሎ ይታለፋል። ገበያ ወጥቶ ሒሳብ የማይስት የነበረ ነጋዴ መልስ መቁጠር ሲያንገራግር ዓይኑ ነው ይባላል። በእርግጥ ዓይኑም ሊሆን ይችላል፤ ስኳር ሁለቱንም ይነካል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ከካሊፎርኒያ የታተመ፣ ከ16,000 በላይ የስኳር ሕሙማን መዝገብ ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ ሆስፒታል የሚያደርስ የስኳር መውረድ ያጋጠማቸው አረጋውያን ኋላ ላይ የመርሳት በሽታ ይበልጥ እንደሚይዛቸው ገለጸ። በ2011 ደግሞ አኮርድ ማይንድ የተባለው ሙከራ፣ ስኳርን በኃይል ዝቅ ማድረግ የአእምሮን ችሎታ እንዳላሻሻለ አሳየ። ለደጋው ሁለቱም ከባድ ዜና ነው። ኢንሱሊን ወግቶ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ፣ በዚያ ላይ ሲያርስ የሚውል ሰው ስኳሩ የሚወርድበት ዕድል ሰፊ ነው። እርሻ መሐል ላብ አጥምቆት ሲዘባርቅ ያገኙት ጎረቤቶች ሰክሯል ሊሉ ይችላሉ፤ ቡዳ በልቶታል ብለው ወደ ሌላ ቦታ የሚወስዱትም አሉ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ጾምን ታቀላለች፤ ግን ለራሱ የሚያቀልል ደገኛ ጥቂት ነው፤ የነፍስ አባት ቃል ብዙ ጊዜ ከነርስ ምክር ይበልጥ ይሰማል። የስኳር ክትትል ነርሶች ከካህናት ጋር ተቀምጠው ቢነጋገሩ የሚተርፈው አእምሮ ቀላል አይደለም ብዬ አምናለሁ።

በዚያው በ2009 ሽታዬ ዓለሙ ከውጭ ተባባሪዎቻቸው ጋር በታዋቂው የስኳር ምርምር መጽሔት ዲያቤቶሎጂያ ላይ አንድ ጥያቄ አነሡ። በጎንደር ገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ወጣቶች፣ ወንዶች፣ ድሆችና ቀጭኖች ናቸው፤ በልጅነት የምግብ እጥረት ያመጣው የስኳር ዓይነት አለ የሚለው ክርክር ዳግም መከፈት የለበትም ወይ? የዓለም ጤና ድርጅት ያንን ምድብ ከአሥር ዓመት በፊት ሰርዞት ነበር። ጥያቄው ከአእምሮም ጋር ይገናኛል፤ በልጅነቱ የተራበ ሰው አእምሮ ሲያድግ የሚጎድለው ነገር አለ፣ ስኳሩም በወጣትነት ሲጀምር ለረጅም ዓመታት አብሮት ሊኖር ነው።

እስከዚህ ድረስ የሚታወቁት ክሊኒክ የመጡት ብቻ ነበሩ። ያልመጡትን ፍለጋ የተሄደው ወደ ደባት ነው። በ1988 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የደባት የጤናና የሕዝብ ቁጥር ክትትል ማዕከል ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በደባት ወረዳ፣ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት ይመዘግባል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲው ሰሎሞን መኮንን አበበና የሥራ ባልደረቦቹ በጎንደር ከተማና በደባት ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን ደም መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2014 አሳተሙ። በከተማው 5.1 በመቶ፣ በገጠሩ 2.1 በመቶ ስኳር ነበረባቸው። ከእነዚህ መካከል 69 በመቶው ከዚያ ቀን በፊት ስኳር እንዳለባቸው አያውቁም፤ በገጠሩ ሲታይ ደግሞ 82.6 በመቶው። ፒያሳና አራዳ ላይ ሱቅ የሚውል፣ አዘዞ ላይ ቢሮ የሚሠራ፣ ሆዱ የገፋ ጎልማሳ ስኳሩን ለዓመታት ሳያውቅ ይኖራል። በሽታው ሲታወቅ ጥቃቅን የደም ሥሮቹ መበላሸት ጀምረዋል። አእምሮውን ግን ማንም አልለካም፤ መለኪያው ራሱ ችግር ነበረበት።

ዓለም ላይ በብዛት የተሠራበት አጭር የአእምሮ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው፤ ከ30 ነጥብ ይታረማል። ዛሬ ስንት ቀን ነው? ይጠይቃል። ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠር፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ የተጠላለፉ ሁለት ባለ አምስት ማዕዘን ቅርጾችን መቅዳት አለበት። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህንኑ የመሰለ ፈተና በስኳር ሕሙማን ላይ መሞከር የተጀመረው በቅርቡ ነው፤ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የወጣው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ታተመ፣ ሌሎች ሆስፒታሎችም ተከትለውታል። ሥራዎቹ አስፈላጊ ናቸው፤ ስኳር ክትትል ውስጥ የአእምሮ ጥያቄ እንዲነሣ በር ከፍተዋል። ነገር ግን እርሳስ ይዛ የማታውቅ የ70 ዓመት የደባት እናት ባለ አምስት ማዕዘኑን አለመቅዳቷ አእምሮዋ ለመድከሙ ማስረጃ አይሆንም። ዛሬ ስንት ቀን ነው ስትባል «ሚካኤል ነው» ካለች አሥራ ሁለት ማለቷ ነው፤ ፈታኙ የከተማ ልጅ ከሆነ መልሱን ስሕተት አድርጎ ይመዘግባል። ስድሳ ቅርጫት ሽንኩርት በቃሏ የምትሸጥ ሴት ከመቶ ላይ ሰባት መቀነስ ያቅታት ይሆናል፤ በብር አድርገው ቢጠይቋት ግን ትመልሳለች።

ሌላ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 አውስትራሊያ ውስጥ ከብዙ አገር ለመጡ ስደተኞች የተሠራው ሩዳስ የተባለ ፈተና ገበያ እንደሚሄድ ሰው አራት ነገር ያስይዛል፦ ሻይ፣ ዘይት፣ እንቁላልና ሳሙና። ከዚያ መኪና የበዛበትን መንገድ እንዴት እንደሚሻገሩ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከታንዛኒያ የወጣው ፈተና ደግሞ ፊደል ላልቆጠረ የታሰበ ነው፤ የክብሪት እንጨቶችን አቀማመጥ እያዩ መደርደር አንዱ ክፍሉ ነው። እነዚህን በጎንደር ሰው ልማድ አቃንቶ፣ በደጋ አማርኛ አስተካክሎ፣ ጤነኛውን ከደከመው መለየታቸውን መፈተሽ ለዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች የሚበዛ ሥራ አይደለም።

አንድ የጎንደር ችግር ግን በየትኛውም ፈተና በቀላሉ አይያዝም። አገሩ የቃል ትምህርት አገር ነው። የአቋቋም ምስክር የሆነው የጎንደር በአታ፣ በየደብሩ ያሉት የቅኔና የዜማ ጉባኤዎች ሰው ልጅ ሆኖ የያዘውን እስኪያረጅ በቃሉ እንዲያደርስ ያሠለጠኑ ናቸው። ዳዊቱን ሙሉ በቃሉ የሚደግም መሪጌታ ስኳሩ ለ20 ዓመት አብሮት ኖሮ የዛሬን ቀጠሮ ቢረሳ ማን ይጠረጥረዋል? ከልጅነት ጀምሮ የተጠና ነገር በመርሳት በሽታ ጊዜ ከሁሉ በኋላ የሚጠፋ ነው። ማኅሌት ላይ ቆሞ ዜማው የማይሳሳት ሰው፣ ቤቱ ገብቶ ኪኒኑን መውሰድ አለመውሰዱን ላያውቅ ይችላል። ቤተሰቡ ዜማውን ሰምቶ ይጽናናል።

በመርሳት ስም ተሸፍነው የሚያልፉ፣ ሊታከሙ የሚችሉ ነገሮችም አሉና ነገሩ ይበልጥ ያሳዝናል። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ሰውነት ቫይታሚን ቢ12 መውሰዱን ይቀንሳል። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም፣ በፍስኩም ቀን ቢሆን ሥጋ በዓል ካልሆነ የማያይ ደገኛ፣ ላዩ ላይ ሜትፎርሚን ሲጨመርበት ሊጎድለው ይችላል። ሲጎድል እግር ይደነዝዛል፣ ሰው ይረሳል፤ ሁለቱም ለስኳሩ ይሰጣሉ። መፍትሔው መርፌ ወይም ኪኒን ነው። እንቅርትም አለ፤ በደጋው አዮዲን ያነሰበት አካባቢ የአንገት ዕጢው ሲዳከም አስተሳሰብ ይዘገያል፣ ሰውነት ይቀዘቅዛል። ይህም መድኃኒት አለው። ድባቴም አለ፤ ልጆቹ ተሰደው ወይም ሞተው ብቻውን የቀረ ሽማግሌ ዝም ሲል «ጃጅተዋል» ይባላል። እነዚህን ሳይመረምር «ጃጅተዋል» የሚል ማንም ሰው፣ ሐኪምም ይሁን ልጅ፣ ቸኩሏል።

በዚህ ሁሉ ላይ፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደባት ድረስ መጣ፤ ጭና ላይ ንጹሐን ተገደሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል መንገዶች በየጊዜው ይዘጋሉ። ክትትል የነበረው ሰው ለወራት ቀጠሮውን ያጣል፤ ኢንሱሊን ሲመጣ ይወጋል፣ ሳይመጣ ይቆያል። መድኃኒት ሲጠፋ ስኳር ከፍ ይላል፣ ሲገኝ ደግሞ በድንገት ይወርዳል፤ አእምሮ የማይወደው ይህን መዋዠቅ ነው። ከሁሉም ይልቅ የሚጎዱት ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ናቸው፤ ቀኑን የሚያስታውሳቸው ልጅ መንገድ ማዶ ቀርቷልና።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ባንኮክ ላይ በተካሄደው የዓለም የስኳር ጉባኤ ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን በምግብ እጥረት የሚመጣውን ስኳር «ዓይነት አምስት» ብሎ ዕውቅና ሰጠው። ከጎንደር የተነሣው ጥያቄ ከ16 ዓመት በኋላ መልስ አገኘ። ያንን ጥያቄ ያስነሡት የያኔ ወጣቶች፣ በሕይወት ያሉት፣ ዛሬ ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። የአሜሪካ የስኳር ማኅበር መመሪያ ዕድሜው 65 የሞላ የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ በየዓመቱ አእምሮው እንዲታይ፣ አእምሮው የደከመ ሰው ደግሞ የስኳር ግቡ እንዲላላለት፣ ስኳር የማይወርድበት ቀላል መድኃኒት እንዲሰጠው ይመክራል። ለደጋው ይህ በቂ አይመስለኝም፤ 50 ዓመት ላይ ቢጀመር ይሻላል።

ሥራው አሁን በተዘረጋው መንገድ ላይ ሊሠራ ይችላል። ጤና ጣቢያው አለ፣ ነርሷ አለች፣ የክትትል ካርዱም አለ፤ በካርዱ ላይ ከግፊቱና ከስኳሩ ቀጥሎ አንድ ረድፍ ይጨመር። ነርሷ «ባለፈው ቀጠሮዎ ምን ብዬዎት ነበር? ዛሬ ጠዋት ስንት ዩኒት ወጉ? ያሳዩኝ» ብላ ትጠይቅ፤ ሲስቡ ትይ። አራት የገበያ ዕቃ ነግራ ግፊቱን ለክታ ስትጨርስ መልሳ ትጠይቅ። አብሮ የመጣ ልጅ ወይም ሚስት ካለ ውጭ አይጠብቅ፤ ይግባ፣ ቤት ውስጥ ምን እንደተለወጠ ይናገር። ከሕመምተኛው ስም ሥር የአስታማሚው ስምና ስልክ ይጻፍ፤ መርፌውን የሚስበው እሱ መሆን ሲጀምር መቼ እንደጀመረም ይመዝገብ። አስታማሚ የሌላቸውን ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየሳምንቱ በቤታቸው በኩል ትለፍ፤ ብልቃጡን ታንሣ፣ የቀረውን ትይ፣ ከካርዱ ጋር ታስተያይ።